ለቀዝቃዛ ውሃ የሚሆን የስኩባ ሬጉሌተር እንዴት ይመረጣል? ከደሴ፣ ከሐይቅና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

በሰሜን አውሮፓ ቀዝቃዛ ሐይቆች ለዓመታት ስጠልቅ ቆይቼ ወደ ደሴ ከተመለስኩ ወዲህ ስለ ስኩባ፣ ማለትም የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር አዝሎ ውሃ ውስጥ ስለመጥለቅ፣ የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት አይደለም። አንዳንዱ ሎጎ ሐይቅ ላይ መጥለቅ የሚያምረው ወጣት ነው፤ ሌላው ለትምህርት ወደ ስዊድን ወይም ወደ ካናዳ ሊሄድ ዕቃውን የሚያሰናዳ ነው፤ ከሁሉም የሚበዛው ግን ውጭ ያለ ዘመድ ሬጉሌተር ሊልክለት ቃል የገባለትና የትኛውን ብሎ እንደሚነግረው የጨነቀው ነው። መልሱን በየጊዜው በቃል ከመደጋገም ጽፌ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጅቻለሁ። ጽሑፉ የሥልጠና ምትክ አይደለም፤ የጠላቂነት ትምህርት ተከታትሎ የብቃት ማረጋገጫ ያልያዘ ሰው የትኛውንም ሬጉሌተር ይዞ ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም።

ጥያቄ፦ ሬጉሌተር ምንድን ነው?

ጠላቂ በጀርባው በሚያዝለው ሲሊንደር ውስጥ ያለው አየር አብዛኛውን ጊዜ እስከ 200 ባር ድረስ ታምቆ የተሞላ ነው። ኮምቦልቻ ላይ አድሮ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ከባድ መኪና ጎማው 8 ባር ገደማ እንደሚይዝ ላሰበ ሰው፣ 200 ባር ምን ያህል ኃይል እንደሆነ ለመገመት አይቸግረውም። ይህን አየር የሰው ሳንባ ሊቀበለው ወደሚችለው ግፊት የሚያወርደው መሣሪያ ሬጉሌተር ይባላል፤ ሥራውንም በሁለት እርከን ይሠራል። ሲሊንደሩ አናት ላይ የሚታሰረው የመጀመሪያው ክፍል ግፊቱን በዙሪያው ካለው የውሃ ግፊት ከ9 እስከ 10 ባር ያህል ብቻ ወደሚበልጥ መጠን ያወርደዋል። ከዚያ በቱቦ አልፎ የሚደርሰው የአፍ ክፍል ደግሞ ጠላቂው ትንፋሽ በሳበ ቁጥር ብቻ እየተከፈተ፣ በዚያ ጥልቀት ካለው የውሃ ግፊት ጋር የተመጣጠነ አየር ይሰጣል።

በተፈለገ ጊዜ ብቻ አየር የሚሰጠውን ይህን መሣሪያ በ1943 እ.ኤ.አ. የሠሩት ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን ናቸው። ጋኛን መነሻ ያደረገው በጦርነቱ ዘመን ቤንዚን ሲጠፋ በጋዝ ለሚነዱ መኪኖች የሚሆን የጋዝ መቆጣጠሪያን ነበር። ለመኪና የታሰበ ዕቃ የሰው እስትንፋስ መጠበቂያ የሆነበት ታሪክ ስለሆነ፣ የመካኒክነት ሙያ ላላቸው የኮምቦልቻ ወዳጆቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ቀዝቃዛ ውሃ የሚባለው ስንት ዲግሪ ነው? ሎጎ ሐይቅ ቀዝቃዛ ነው?

በዚህ ሙያ ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ውሃ ነው። ይህ ቁጥር ለዋናተኛው ምቾት የተቀመጠ ሳይሆን፣ ከዚያ በታች የሬጉሌተሩ የውስጥ አካል በረዶ የመያዝ ዕድሉ ስለሚጨምር የተቀመጠ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ንጹህ ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ስለሆነ፣ በብርዳማ አገሮች የሚገኙ ጥልቅ ሐይቆች ላይኛው ውሃቸው በበጋ ሞቆ እንኳ ታችኛው ክፍላቸው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ይቆያል። አይስላንድ ውስጥ ጠላቂዎች የሚጎርፉበት ሲልፍራ የተባለው የመሬት ስንጥቅ ዓመቱን ሙሉ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው። የባሕር ውሃ ደግሞ ጨው ስላለበት ከዜሮ በታች ወደ 2 ዲግሪ እስኪጠጋ ድረስ ሳይረጋ ይቀዘቅዛል።

የእኛ ሎጎ ሐይቅ ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የሚገኘው ይህ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ቢኖረውም፣ የአገራችን ፀሐይ ክረምት ከበጋ ስለማትለየው ውሃው ከ10 ዲግሪ በእጅጉ የሞቀ ነው። ከደሴ በጋቢ ተጀቡኖ የወረደ ሰው የጧቱን ነፋስ አይቶ ውሃውም እንደዚያው ይመስለዋል፤ ነገር ግን የአየሩ ብርድና የውሃው ብርድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ሎጎ ላይ ብቻ ለመጥለቅ ሲባል ለበረዶ ውሃ የተሠራ ውድ ሬጉሌተር መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ከባቲ ወደ ሚሌ ወርደው ጅቡቲ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ለሚጠልቁም ምክሬ ያው ነው፤ ያ ባሕር ሞቃት ነው።

ጥያቄ፦ ውሃው ገና በረዶ ሳይሆን ሬጉሌተሩ እንዴት በረዶ ይይዛል?

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልዘግይበት። የታመቀ አየር ሲለቀቅና ሲሰፋ ይቀዘቅዛል። ጎሚስታው የጎማውን ቫልቭ ነቅሎ አየሩን በአንዴ ሲያስወጣ ጣቱን የሚነካው አየር ቀዝቃዛ መሆኑን ያውቃል፤ ያ ግን ከ8 ባር ብቻ የተለቀቀ ነው። በሬጉሌተሩ የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ አየሩ ከ200 ባር በአንድ ጊዜ ወደ 10 ባር ገደማ ሲወርድ ቅዝቃዜው በአሥር ዲግሪዎች የሚቆጠር ይሆናል። ውሃው 20 ዲግሪ ከሆነ የሬጉሌተሩ ብረት የጎደለውን ሙቀት ከውሃው እየሳበ ይተካል። ውሃው 4 ዲግሪ ከሆነ ግን የሚሳበው ሙቀት ጥቂት ነው፤ ብረቱ ራሱ ከዜሮ በታች ይወርድና የነካውን ውሃ ያረጋል።

በረዶው የሚይዘው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የመጀመሪያው ክፍል ውጫዊ ጓዳ ነው። በብዙ ሬጉሌተሮች ዋናው ሞላ የተቀመጠበት ይህ ጓዳ የጥልቀቱን ግፊት እንዲያውቅ ተብሎ ውሃ ይገባበታል፤ የገባው ውሃ በሞላው ዙሪያ ሲረጋ ቫልቩ እንደተከፈተ ይቀራል። ሁለተኛው የአፍ ክፍሉ ነው። የጠላቂው እስትንፋስ እርጥብ ነው፤ እርጥበቱ ከቀዝቃዛው አየር ጋር ተገናኝቶ በትንሿ የቫልቭ ማንሻና በሞላዋ ላይ ሲረጋ እሷም መዘጋት ያቅታታል።

አንዴ ቫልቩ ክፍት ከቀረ ነገሩ ራሱን እየመገበ ይሄዳል፤ አየሩ በብዛት በወጣ ቁጥር ቅዝቃዜው ይጨምራል፣ ቅዝቃዜው በጨመረ ቁጥር በረዶው ይወፍራል። ጠላቂዎች ፍሪፍሎው የሚሉት ይህን ያለማቋረጥ አየር መልቀቅ ነው። ሲሊንደሩ ሙሉ ሲሆን የግፊቱ ልዩነት ሰፊ ስለሆነ፣ ጥልቀቱ ሲጨምርም በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያልፈው አየር ስለሚበዛ፣ አደጋው የሚያይለው ሰው ገና በሙሉ አየር ወደ ታች በወረደበት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው።

ጥያቄ፦ ፍሪፍሎው ሲያጋጥም ምን ይሆናል?

በእኔ ላይ የደረሰውን ልናገር። በክረምት ወር፣ ውሃው 4 ዲግሪ በነበረ ሐይቅ ውስጥ፣ ከአንድ የመጥለቂያ ዕቃ አከራይ የወሰድኩትን ሬጉሌተር ይዤ 22 ሜትር ላይ ነበርኩ። ለሞቃት ውሃ የተሠራ መሆኑን አልጠየቅሁም፤ ጥፋቱ የእኔም ነበር። መጀመሪያ የተሰማኝ ጥርሴን የሚጠዘጥዝ ቅዝቃዜ ነው፤ ቀጥሎ ትንፋሽ ስጨርስ የሚዘጋው አየር ሳይዘጋ ቀረ። ከዚያ እንደ ተቀደደ ቧንቧ ይጮህ ጀመር፤ በዓይኔ ፊት ከአረፋ በቀር የሚታይ ነገር ጠፋ። የግፊት መለኪያውን ወደ ፊቴ ሳስጠጋ መርፌው እያየሁት ይወርድ ነበር። ጓደኛዬ የራሱን ተጨማሪ የአፍ ክፍል ሰጥቶኝ፣ የእኔን ሲሊንደር ቫልቭ ከኋላ ዘግቶልኝ፣ ክንዴን እንደያዘ አብረን ቀስ ብለን ወጣን። ውሃው ላይ ደርሰን ሳየው የመጀመሪያው ክፍል ነጭ በረዶ ለብሶ ነበር።

በቁጥር ሲታይ 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። በዝግታ የሚተነፍስ ሰው በ30 ሜትር ጥልቀት በደቂቃ 80 ሊትር ያህል ቢፈጅ ለግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። በፍሪፍሎው ጊዜ ግን ያው አየር በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ከሚፈሰው ሬጉሌተር ለመተንፈስ የተገደደ ሰው አፉን ገጥሞ መክደን የለበትም፤ ትርፉ አየር በከንፈሩ ዳር እንዲያመልጥ እያደረገ የሚያስፈልገውን ብቻ ይስባል። ይህ በሥልጠና ጊዜ ሞቅ ባለና ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ በአሠልጣኝ ፊት የሚለማመዱት ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ፒስተን ወይስ ዲያፍራም?

የመጀመሪያው ክፍል በሁለት ዓይነት ይሠራል። በአንደኛው ቫልቩን የሚከፍትና የሚዘጋው ፒስተን ነው፤ በሌላኛው ዲያፍራም የሚባል የሚለጠጥ የጎማ ሽፋን ነው። ፒስተኑ ክፍሎቹ ጥቂት፣ አሠራሩም ቀላል ስለሆነ ለጥገና ምቹ ነው፤ ከፍተኛ መጠን ያለው አየር በማሳለፍም ይመሰገናል። ጉድለቱ ሞላውና የፒስተኑ ዘንግ ውሃ በሚገባበት ጓዳ ውስጥ መቀመጣቸው ነው። በዲያፍራሙ ግን ቫልቩ ከውሃ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ሞላው ያለበትን ጓዳም በሁለተኛ የውጭ ዲያፍራም ሸፍኖ ደረቅ ማድረግ ይቻላል። የውሃው ግፊት የውጩን ዲያፍራም ይገፋል፣ እሱም በመካከል ባለው ገፊ አማካይነት ለውስጡ ያስተላልፋል፤ ውሃው ግን ወደ ሞላው አይደርስም። በዚህ መንገድ የታሸገ ጓዳ ያለው ሬጉሌተር በረዶ የሚይዝበት ውሃ ስለማያገኝ ለቀዝቃዛ ውሃ ይመረጣል።

አምራቾቹ ይህን በየራሳቸው መንገድ ፈትተውታል። የስኩባፕሮ ኤምኬ 17 ደረቅ ጓዳ ያለው ዲያፍራም ነው፤ የዚያው ኩባንያ ኤምኬ 25 ኢቮ ደግሞ ፒስተን ሆኖ ሳለ ሞላው ከቅዝቃዜ የሚከላከል ሽፋን ተደርጎለታል። የእንግሊዙ አፔክስና የስዊድኑ ፖሲዶን በቀዝቃዛ ውሃ ጠላቂዎች ዘንድ ስማቸው የሚነሳ ነው። እኔ በግሌ የታሸገ ዲያፍራም እመርጣለሁ፤ ስም ግን ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ እጨምራለሁ፤ ከአንድ ኩባንያ ለሞቃት ውሃ ብቻ የሚሆንም ለበረዶ ውሃ የሚሆንም ይወጣልና።

የታሸገ ጓዳ ለእኛ አካባቢ ሌላ ጥቅም አለው። በክረምት ጎርፍ ወደ ሎጎና ወደ አርዲቦ ሐይቆች የሚያወርደው ደለል ክፍት ጓዳ ባለው ሬጉሌተር ሞላ ውስጥ እየገባ ይጋግራል። ስለዚህ ውሃው ባይቀዘቅዝም በደፈረሰ ውሃ ለሚሠራ ሰው፣ በተለይም የሰመጠ ሰው ፍለጋ ለሚሠማሩ፣ ታሽጎ የተሠራውን ቢመርጡ ገንዘባቸው አልባከነም።

ጥያቄ፦ የአፍ ክፍሉ ከፕላስቲክ ይሁን ከብረት?

ፕላስቲክ ሙቀት አያስተላልፍም፤ ብረት ያስተላልፋል። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከሬጉሌተሩ ውጭ ያለው የ4 ዲግሪ ውሃ ከውስጡ ካለው አየር ይልቅ ሞቃት መሆኑን ካስታወስን፣ ሙቀቱን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ብረት ጠቃሚ ይሆናል። በጥሩ የቀዝቃዛ ውሃ ሬጉሌተሮች ላይ ቱቦው ከአፍ ክፍሉ በሚገናኝበት ቦታ ከራዲያተር ክንፍ ጋር የሚመሳሰሉ ቀጫጭን የብረት እርከኖች የሚታዩት ሙቀት ከውሃው እንዲስቡ ነው። የቲታኒየም ሬጉሌተር ቀላልና የማይዝግ ቢሆንም ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከናስ በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ ዋጋው መወደዱን አይተው ለበረዶ ውሃ ይሻላል ብለው እንዳይገዙ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ዕቃው ለቀዝቃዛ ውሃ የተፈቀደ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በአውሮፓ የሚሸጥ ሬጉሌተር ኢ.ኤን. 250 የተባለውን መለኪያ ማለፍ አለበት። ለቀዝቃዛ ውሃ የሚቀርበው በ50 ሜትር ጥልቀት ግፊት፣ ከ4 ዲግሪ በማይበልጥ ውሃ ውስጥ፣ በደቂቃ 62.5 ሊትር አየር እያሳለፈ ይፈተናል፤ ይህ ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው አተነፋፈስ ነው። ይህን ፈተና ያላለፈው ከ10 ዲግሪ በላይ መሆኑን የሚያሳይ የ«>10» ምልክት በአካሉ ላይ ይቀረጽበታል። ስለዚህ ዘመድዎ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት የመጀመሪያውንም ክፍል የአፍ ክፍሉንም በቅርበት ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ፤ ምልክቱ ካለበት ሻጩ ምንም ቢል ለበረዶ ውሃ አይሆንም። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ከሆነም አይበቃም፤ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው በደካማው ቀለበት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በጥርስ የሚገባው ነው ወይስ በማነቆ የሚታሰረው?

ዲን የሚባለው እንደ ብሎን በጥርስ ወደ ሲሊንደሩ ቫልቭ ውስጥ ይገባል፤ ዮክ የሚባለው ከውጭ በማነቆ ይታሰራል። ዲኑ ኦሪንጉን፣ ማለትም አየር እንዳያመልጥ የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት፣ በውስጡ አፍኖ ስለሚይዝ የበለጠ ያስተማምናል፤ 300 ባር የሚሞሉ ሲሊንደሮችም የሚቀበሉት እሱን ነው። ዲን ይግዙ።

ጥያቄ፦ በቀዝቃዛ ውሃ አንድ ሬጉሌተር ይበቃል?

አይበቃም። አብዛኛው ሰው ሁለት የአፍ ክፍል ስላለው ሁለት ሬጉሌተር ያለው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሁለቱም ከአንድ የመጀመሪያ ክፍል የሚመጡ ከሆነ በረዶው ሁለቱንም በአንድ ላይ ያሳጣል። በተለይ ሁለት ሰዎች ከአንድ የመጀመሪያ ክፍል በአንድ ጊዜ ሲተነፍሱ የሚያልፈው አየር እጥፍ ስለሚሆን የመቀዝቀዝ ዕድሉም ያድጋል፤ አምራቾች በመመሪያዎቻቸው እንዲህ ያለውን አጠቃቀም ከ30 ሜትር በላይ ጥልቀትና ከ10 ዲግሪ በታች ቅዝቃዜ ባለበት ውሃ የሚከለክሉት በዚሁ ምክንያት ነው። በብርድ አገር የሚጠልቅ ሰው ሁለት መውጫ ባለው ቫልቭ ላይ ሁለት የተለያዩ የመጀመሪያ ክፍሎችን ያስራል፤ እያንዳንዱን ለብቻው መዝጋት ይችላል፤ አንዱ ሲበላሽ ዘግቶት በሌላው ይተነፍሳል። ወጪው ከባድ መሆኑ አይካድም። ገንዘቡ ለሁለት እስኪደርስ ድረስ ግን በረዶ ውሃ ውስጥ አለመግባት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ሬጉሌተር ቢላክልኝ ልቀበል?

ይቀበሉ፣ ነገር ግን ታድሶ ይምጣ። ሬጉሌተር በአምራቹ መመሪያ መሠረት በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ በሠለጠነ ባለሙያ ተፈትቶ፣ ኦሪንጎቹና የቫልቭ መቀመጫዎቹ ተቀይረው፣ የውስጥ ግፊቱ ተለክቶ ይታደሳል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ ለዚህ ሥራ ከአምራች ፈቃድ የተሰጠው ጥገና ቤት ስለሌለ፣ ሥራው መጠናቀቅ ያለበት ዕቃው ከዚያ ሳይነሳ ነው። የመካከለኛው ግፊት፣ ማለትም ከመጀመሪያው ክፍል ወደ አፍ ክፍሉ በቱቦ የሚያልፈው አየር ግፊት፣ ትንሽ ከፍ ብሎ የተስተካከለ ሬጉሌተር ሞቅ ባለ ውሃ ምንም ላይል ይችላል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ግን ለፍሪፍሎው ይጋብዛል። የጥገናውን ደረሰኝ አብሮ እንዲልክ ዘመድዎን ይጠይቁት፤ ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።

የኮምቦልቻ መካኒኮች እጀ ብልህ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ የፋብሪካ ማሽን ፈትተው የሚገጥሙ ሰዎች ናቸው። ሆኖም ሬጉሌተሩን «እንዲሁ ልየው» ብለው እንዲከፍቱት አይስጧቸው። በመኪና ጓርኒሲዮን ወይም በተራ ቅባት የሚተካ ነገር የለበትም። ተራ ዘይት ከታመቀ አየር ጋር ሲገናኝ ሊነድ ይችላል፤ ወደ ሳንባ የሚገባ መሆኑም ሌላው ጣጣ ነው።

ጥያቄ፦ ሲሊንደሩን ከጎሚስታ ኮምፕሬሰር ማስሞላት ይቻላል?

በፍጹም አይቻልም። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ከ10 ባር ብዙም አያልፍም፤ የሚበልጠው ችግር ግን ግፊቱ ሳይሆን የአየሩ ንጽህና ነው። የኮምፕሬሰሩ ዘይት፣ አጠገቡ የቆመው መኪና ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ እርጥበትም ጭምር አብረው ይገባሉ። ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ ከውሃው በላይ ራስ ቢያዞር ነው፤ በጥልቀት ግን ግፊቱ ጉዳቱን ስለሚያባዛው ይገድላል።

እርጥበቱን የከባድ መኪና ሹፌሮች በደንብ ያውቁታል፤ የንፋስ ፍሬናቸውን ጋን ከሥር ሲከፍቱት ውሃ ይወርዳል። በደንብ ካልደረቀ አየር የሚወጣ ያው ውሃ በሬጉሌተሩ ውስጥ ሲያልፍ ከውስጥ በኩል በረዶ ይሆናል፤ የታሸገ ጓዳም ከዚህ አያድንም፤ ሽፋኑ የሚከላከለው ከውጭ የሚመጣውን ውሃ ብቻ ነውና። ስለዚህ ለቀዝቃዛ ውሃ የሚሞላ አየር ማጣሪያው በጊዜው ከሚቀየርለት የመተንፈሻ አየር ኮምፕሬሰር ብቻ መሆን አለበት። በጣም ጥሩውን ሬጉሌተር ገዝቶ እርጥብ አየር የሚሞላ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ሎጎ ላይ ውሃው ካልቀዘቀዘ ታዲያ የሚያሰጋው ምንድን ነው?

ከፍታው ነው። ይህን ጥያቄ የሚያነሳው ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳስበኛል፤ ስለ ሬጉሌተር ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ ወደዚህ የምመልሳቸውም ለዚህ ነው።

የመጥለቂያ ሰንጠረዦች የተዘጋጁት በባሕር ጠለል ላይ ላለ አየር ነው፤ ከ300 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ መጥለቅ የከፍታ መጥለቅ ተብሎ የራሱ ሥልጠና አለው። ሎጎ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት 0.8 ባር ያህል ብቻ ነው። ጠላቂው ከ18 ሜትር ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ የሚያገኘው አየር ከባሕር ዳርቻው የሳሳ ስለሆነ፣ በደሙና በሥጋው ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን በባሕር ላይ ወደ 22 ሜትር ገደማ ጠልቆ እንደወጣ ያህል ያስጨንቀዋል። ስለዚህ ከፍታን የሚያውቅ የመጥለቂያ ኮምፒውተር ወይም የከፍታ ሰንጠረዥ ግዴታ ነው።

ከዚህ የሚብሰው የመልስ ጉዞው ነው። ደሴ ከሐይቁ በግምት 500 ሜትር ከፍ ትላለች። ጠዋት ጠልቆ ከሰዓት በሚኒባስ ወደ ደሴ የሚመለስ ሰው፣ ባያውቀውም፣ ከመጥለቅ በኋላ አውሮፕላን ከመሳፈር ጋር የሚመሳሰል ነገር እያደረገ ነው። የኮምቦልቻ ሰው ከተማዬ ዝቅ ያለች ናት ብሎ እንዳይዘናጋ፤ ከሐይቅ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ በደሴ በኩል ያልፋል። ዳን በሚል ምህጻር የሚታወቀው የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት ከበረራ በፊት ለአንድ ጊዜ መጥለቅ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተደጋገመ ደግሞ 18 ሰዓት መቆየትን ይመክራል። እኔ ለመልሱ ጉዞም ይህንኑ መጠን እጠብቃለሁ፤ ሐይቅ ከተማ አድሬ በማግሥቱ እመለሳለሁ። የግፊት ሕክምና የሚሰጥበት ክፍል በአቅራቢያችን በሌለበት፣ ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ሁሉ ናይትሮጅኑ በሰውነት ውስጥ አረፋ ሲሠራ የሚያመጣው ሕመምም ሰው ደህና ነኝ ብሎ እየተጫወተ ሳለ በመንገድ ላይ ይጀምረዋል።

ጥያቄ፦ ትክክለኛውን ሬጉሌተር ከያዝኩ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ምን ዓይነት ጥንቃቄ ላድርግ?

ውሃው ውስጥ ከመግባትዎ በፊት በብርድ አየር ውስጥ ቆመው በሬጉሌተሩ አይተንፍሱ፤ የአፍ ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው የእስትንፋስ እርጥበት ገና ሳይጠልቁ ይረጋል። መፈተን ግድ ከሆነ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ይፈትኑት፤ ወይም ጭንቅላትዎን ውሃ ውስጥ ካስገቡ በኋላ ይጀምሩ። የአየር ማስለቀቂያውን ቁልፍ አጥብቀው አይጫኑ። ማንሳፈፊያ ጃኬቱን ወይም ውሃ የማያስገባውን ልብስ ሲሞሉ አጫጭር አድርገው ይልቀቁ፤ በዚያው ቅጽበትም ትንፋሽ አይሳቡ፤ ሁለቱ ሲደረቡ የመጀመሪያውን ክፍል ከአቅሙ በላይ ያሠሩታል። በዝግታ ይተንፍሱ። ጓደኛዎ አየር ቢያጥረው የትኛውን የአፍ ክፍል እንደሚሰጡት ከመግባትዎ በፊት ይነጋገሩ።

ከመጥለቅ በኋላ ሬጉሌተሩን በንጹህ ውሃ ሲያጥቡ የመጀመሪያው ክፍል የአየር መግቢያ ቀዳዳ ክዳን ደርቆ በትክክል መገጠሙን ያረጋግጡ፤ በዚያች ቀዳዳ የገባች ጠብታ በሚቀጥለው መጥለቅ በረዶ የምትሆነው እሷ ናት። ቱቦውን ሳያጥፉ በጥላ ቦታ ያንጠልጥሉት። ደሴ ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ግን ደጅ አያሳድሩት፤ በጦሳ ተራራ ግርጌ ውርጭ በሚጥልባቸው ሌሊቶች ያልደረቀ ሬጉሌተር በረንዳ ላይ ቢያድር በውስጡ የቀረው ውሃ ይረጋና ስሱን የቫልቭ መቀመጫ ይጎዳዋል። እኔ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃ ራቅ አድርጌ፣ የአፍ ክፍሉን ወደ ታች ዘቅዝቄ እሰቅለዋለሁ፤ በማግሥቱ ከማስቀመጤ በፊትም አንዴ አራግፌ ጠብታ መቅረት አለመቅረቱን አያለሁ።